ከመገናኛ እስከ ሾላ፦ የሣጥን ፍለጋ

ሣጥኑን የሸጥኩት በሁለት መቶ ብርና በአንድ የፕላስቲክ ሳፋ ነው።

ጊዜው 2005 ዓ.ም. ነበር። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሶን ከኪራይ ቤት ለመውጣት ዕቃ እየሸከፍን ሳለ እናቷ ስለታመሙ ባለቤቴ ነቀምቴ ሄደች። እኔም እስክትመለስ ድረስ ቤቱን ላቅልልላት ብዬ ተነሣሁ። ጠዋት «ቆራሌው!» እያለ በሰፈሩ የሚያልፈውን ልጅ ጠርቼ የማይረባ የመሰለኝን ሁሉ አወጣሁለት፤ የተሰበረ ወንበር፣ የማይሠራ ካውያ፣ ባዶ ጠርሙስ፣ በመጨረሻም ሣጥኑን። ከወንዛ የተሠራ፣ ማዕዘኖቹ በብረት የተያዙ፣ ክዳኑ ሲከፈት የሚያቃስት ሣጥን ነበር። አማቴ ስንጋባ ለልጃቸው የሰጡት ነው፤ እርሳቸውም ከእናታቸው የተቀበሉት። ይህን አውቅ ነበር። ግን አራተኛ ፎቅ ማን ያወጣዋል? ወጥቶስ የት ይቀመጣል?

ባለቤቴ ስትመለስ አልተቆጣችም። «ሣጥኑስ?» አለች፤ ነገርኳት። በሩ አጠገብ የተቀመጠውን ሳፋ ለአፍታ አየችውና ወደ ጓዳ ገባች። ማታ አብረን ጸለይን፣ ራት በላን። ስለ ሣጥኑ ግን አሥር ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላነሣንም። ሳፋው በዓመቱ ተሰነጠቀ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን የምጽፈው ጥፋቴን በአደባባይ ለመናዘዝ አይደለም፤ ያንን ለባለቤቴ አድርሻለሁ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ አሮጌ የቤት ዕቃ ፍለጋ ያየነው ሰፈርና የቀሰምነው ትምህርት ቤት ለሚያደራጁ ባልና ሚስት ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው።

በሐይቁ ዳር

በጥር 2015 ዓ.ም. የተጋባንበትን አሥራ አምስተኛ ዓመት ለማሰብ ልጆቹን ለእህቴ ትተን ለሁለት ሌሊት ቢሾፍቱ ወረድን። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የፍጥነት መንገድ ደግሞ ይበልጥ አቅርቦታል። ባቦጋያ ሐይቅን ብዙዎቻችን የምናውቀው በወጣትነታችን ለኮንፈረንስና ለጸሎት ስንሄድ፣ ፍራሽ ላይ ተደርድረን ስናድር ነው። በዚህኛው ጉዞ ግን እውነተኛ አልጋ ነበረን።

ያረፍንበት ቦታ እንግዳ መቀበያው ያጌጠው በአሮጌ የቤት ዕቃ ነበር። የጅማ በርጩማ የሻይ ማስቀመጫ ሆኗል። ሙቀጫ ውስጥ አበባ ተተክሏል። ግድግዳው ላይ ሞፈርና ቀንበር ተሰቅሏል። (አባቴ ቢያዩት ኖሮ «በሬዎቹስ የት አሉ?» ይሉ ነበር።) በመስኮቱ ሥር ደግሞ አንድ ሣጥን ተቀምጧል። የእኛ አይደለም፤ ከእኛው ያነሰ ነው። የክፍሉን ቁልፍ እስኪሰጡን ቆመን ሳለ ባለቤቴ እጇን ክዳኑ ላይ አኖረች። ቁልፉን ከተቀበልን በኋላም አላነሣችውም።

በማግስቱ በግቢው ሱቅ ውስጥ የአንድ በርጩማ ዋጋ ጠየቅሁ። ከአንድ ሌሊት አልጋችን ይበልጣል። በመዝናኛ ቦታ የሚሸጥ አሮጌ ዕቃ እንዲህ ነው፤ የሚከፈለው ለእንጨቱ ብቻ ሳይሆን ለሐይቁም ጭምር ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ «ሌላ ሣጥን ልፈልግልሽ» አልኳት።

«የጠፋው ሌላ ሣጥን አይደለም» አለችኝ።

ከቱሉ ዲምቱ ጀምሮ ቃል አልተነጋገርንም። መገናኛ ደርሰን መብራት ሲይዘን ግን ወደ ውጭ እያየች፣ «ቅዳሜ አብረን እንሂድ» አለች።

መገናኛ

መገናኛ ስሙ እንደሚናገረው ነው። ከቦሌ፣ ከሃያ ሁለት፣ ከሾላ፣ ከኮተቤና ከሲኤምሲ የሚመጣው መንገድ ሁሉ እዚህ ይገጥማል። በ2008 ዓ.ም. የከተማው ባቡር ሲገባ መልኩ ተለወጠ፤ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ዳግመኛ ለወጠው። ስለዚህ እኛ በ2015 ዓ.ም. ያየነውን ሱቅ ሁሉ ዛሬ በነበረበት አገኛለሁ ብሎ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ ቢጠይቅ ይሻለዋል። ብዙ ሰው መገናኛን የሚያውቀው በታክሲ መቀየሪያነቱ ነው፤ ወርዶ፣ ተጋፍቶ፣ ሌላ ታክሲ ይዞ ይሄዳል። እኔም ለዓመታት ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ለአሮጌ ዕቃ ፈላጊ ግን ሰፈሩ የራሱ ምክንያት አለው። በቦሌ ወገን የውጭ አገር ሰዎች ተከራይተው የሚኖሩባቸው ቪላዎች አሉ። የሥራ ዘመናቸው ሲያልቅ የሚወስዱት ሻንጣ ብቻ ነው፤ ሌላው ይሸጣል። በገርጂ ደግሞ በ1996 ዓ.ም. የኮንዶሚኒየም ግንባታ በሙከራ ተጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ በሲኤምሲና በአያት በኩል ስንት ሺህ ቤተሰብ ከሰፊ ግቢ ወደ ጠባብ ክፍል ገባ። ጠባብ ክፍል የአያት ቁም ሣጥን አይቀበልም። የሚለቅቀውም የሚገባውም በአንድ አደባባይ ስለሚያልፍ ዕቃው እዚያው አካባቢ ይቀራል።

የገባንበት ግቢ በቆርቆሮ የታጠረ ነው። ከፊት ለፊት ማቀዝቀዣ፣ የቢሮ ወንበር፣ ስፖንጁ የወጣ ሶፋ ተደርድሯል። ወደ ውስጥ ስንዘልቅ ቡፌ፣ ቁም ሣጥን፣ ኮመዲኖ። («ኮመዲኖ» የምንለው ቃል እንኳ ከጣልያኖች የቀረልን ነው።) የሱቁ ባለቤት በወጣትነታቸው አናጢ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው።

«አባባ፣ አሮጌ ሣጥን ፈልገን ነበር» አልናቸው።

«አሮጌ ነው ወይስ ያገለገለ?» አሉን።

ልዩነቱን ስላልገባን በርጩማ ሰጥተውን አስቀመጡን። ያገለገለ ዕቃ በየዓመቱ ዋጋው ይወርዳል፤ አሮጌ ዕቃ ግን አንድ ቦታ ላይ መውረዱን ያቆምና መውጣት ይጀምራል አሉ። ልዩነቱን የሚያመጣው እንጨቱ ነው። ዛሬ ብዙው አዲስ ዕቃ የሚሠራው ከተፈጨ እንጨትና ከሙጫ ነው፤ ውኃ ሲነካው ያብጣል፣ ብሎኑ አንዴ ከተነቀለ ዳግመኛ አይዝም። ወንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ ግን ተፍቀው፣ ተጠግነው፣ ሌላ ሰው ይጦራሉ። እነዚህን አራቱን ከመንግሥት ደን መቁረጥ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ተከልክሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎች አዋጆች ተተክተዋል፣ ትልቁ ዛፍ ግን እንደ ድሮው አይገኝም። ስለዚህ ሰፊ የወንዛ ሳንቃ ያለው ዕቃ ያየ ሰው ከአሮጌ ዕቃ ላይ መገኘቱ አይገርመው።

አባባ ዕቃን ከፊቱ አያዩም። «ፊቱን ሁሉም ያሳምረዋል፤ ጀርባውን እየው» ይላሉ። መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ከሥር ማየት፣ ጠረጴዛውን መገልበጥ፣ ከአንድ ጥግ ማንሣት። ሙሉ እንጨት ይከብዳል። የጅማ በርጩማ ደግሞ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ እንጂ እግሩ ተለይቶ የሚገጠም አይደለም፤ መገጣጠሚያ ካየህበት ሌላ ነገር ነው። አዲሱን በጭስ አጥቁረው፣ የጫማ ቀለም ቀብተው «የአባ ጅፋር ዘመን» የሚሉ አሉ። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ይዞ መሄድ ነው፤ ጥቁረቱ ወደ ጨርቁ ከመጣ ቀለም ነው። እግሩ ሥርም ይታይ። ሰው ለዓመታት የጎተተው በርጩማ እግሩ እኩል አያልቅም።

በአንድ ኮመዲኖ ላይ ጥቂት ጠገራ ብር ተቀምጦ ነበር። እኔ አዋቂ ለመምሰል አንዱን አንሥቼ፣ «1780! ይኸው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ» አልኩ። አባባ ሳቁ። ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ በየትም አገር በየትኛውም ዘመን የተመታው ጠገራ ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይዞ ነው የወጣው። ስለዚህ ቁጥሩ ዕድሜውን አይነግርም። ሚዛኑ ግን ይናገራል፤ 28 ግራም ገደማ መሆን አለበት። ባለቤቴ እኔን አይታ ፈገግ አለች። ለዚያ ፈገግታ ስል ሌላም ስሕተት ብሠራ ደስ ይለኝ ነበር።

ሬዲዮኑ

ከጥግ በኩል የእንጨት ሳጥን ያለው ትልቅ የፊሊፕስ ሬዲዮ ነበር። ባለቤቴ አቧራውን በመዳፏ ጠረገችና ዝም ብላ ቆመች። ከዚያ እኔን ሳይሆን ሬዲዮኑን እያየች መናገር ጀመረች።

አያቷ ቤት እንዲህ ያለ ሬዲዮ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ብሥራተ ወንጌልን የሚያዳምጠው ከእርሱ ነው። ጣቢያው በ1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ማሰራጨት የጀመረ ሲሆን በ1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰው። እርሷ ያኔ አልተወለደችም፤ የሰማችው ከእናቷ ነው። ቀጥሎ በወለጋ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ አያቷ መጽሐፍ ቅዱሱንና የመዝሙር መጽሐፉን ሣጥኑ ውስጥ ከነጠላዎቹና ከጋቢው ሥር አደረጉት። ሊፈትሹ የመጡት ሰዎች ክዳኑን ከፍተው ከላይ ያለውን ነጠላ አይተው ዘጉት። ባለቤቴ ልጅ ሆና እናቷ ክዳኑን በከፈቱ ቁጥር፣ «ይህ ድምፁ ነው ያስፈራን የነበረው» ይሏት ነበር፤ ያንኑ የሚያቃስተውን ድምፅ።

አሥራ አምስት ዓመት በትዳር ኖረን ይህን አላውቅም ነበር። አልደበቀችኝም። ጠይቄያት አላውቅም።

አባባ ነገሩን ሰምተው ስልክ ቁጥራችንን ጻፉ። ሬዲዮኑን አልገዛንም፤ ዋጋው አስደንግጦን ነው።

ሾላ

ከዚያ በእግራችን ወደ ሾላ ገበያ ሄድን። ሾላ የቅቤ፣ የበርበሬና የአትክልት ገበያ ነው ቢባልም ጀበና፣ ምጣድ፣ እንስራ፣ ሰፌድና መሶብ የሚሸጡ እናቶችም አሉበት። እዚህ የሚገኘው ብዙው አዲስ ነው፤ ግን እንዴት እንደሚሠራ ከሚያውቅ ሰው እጅ ስለሚገዛ ስለ አሮጌውም ያስተምራል። አንዲት እናት ገንቦን በጣት አንኳኩቶ መስማት አሳዩን፤ ጤነኛው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ይታፈናል። አሮጌ መሶብም ከሥሩ ይታይ አሉ፤ ላዩ ያማረ ሆኖ ሥሩ የተበላ ሞልቷል።

ባለቤቴ ሁለት አሮጌ ብርሌ ገዛች። አበባ ልታደርግባቸው ነው። እኔ የመጀመሪያ ጥያቄዬ፣ «የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሲመጡ ምን እንላለን?» የሚል ነበር። «አበባ ነው እንላለን» አለች። እስካሁን የጠየቀ ሽማግሌ የለም፤ አንዱ ብቻ ትንሽ ረዘም አድርገው አይተውታል።

ከዚህ የከበደ ጥያቄ ግን አለ፤ ብዙ አማኞች ያነሡታል። አሮጌ ረከቦት፣ ማጨሻ ወይም ጨሌ ስንገዛ ለምን አገልግሎት ውሎ እንደነበር እናውቃለን? እኔ የማምነውን ልንገራችሁ። ሐዋርያው ጳውሎስ በአንደኛ ቆሮንቶስ 10 ላይ በገበያ ስለሚሸጠው ሥጋ የጻፈውን ሳነብ፣ የማናውቀውን ታሪክ እያሰብን በየገንቦው ላይ እንድንጨነቅ የተጠራን አይመስለኝም፤ ሸክላ ሸክላ ነው። ነገር ግን ሻጩ ራሱ «ይህ የቆሌ ዕቃ ነው» ብሎ ከነገረህ፣ ወይም የትዳር ጓደኛህ ኅሊና ካልተቀበለው፣ እዚያው ተወው። ባለቤቴ አንድ ማጨሻ አንሥታ መልሳ አስቀመጠች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ደግሞ ከሰዓት በፊት ስለ መጠየቅ ያሰብኩት ትዝ ብሎኝ ጠየቅኋት። «ሽታው» አለች። በቃ፣ ሽታው ነበር።

ብራና፣ የቤተ ክርስቲያን መስቀልና ሥዕል «በርካሽ» የሚያቀርብ ሰው ከገጠማችሁ ግን አልፋችሁ ሂዱ። ከአንድ ገዳም ወይም ደብር የጠፋ ሊሆን ይችላል፤ የእኛ ቤተ እምነት አለመሆኑ የሌላውን ንብረት ለመግዛት ፈቃድ አይሰጠንም። ውጭ አገር ላለ ዘመድ አሮጌ ዕቃ ለመላክ የምታስቡም አስቀድማችሁ የቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣትን ይከለክላል። ከውጭ አገር ሰዎች የሚገዛ ዕቃም ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ ሊከፈልበት ይገባልና ደረሰኝ ጠይቁ።

ጊዜ ያላቸው ደግሞ ከመግዛታቸው በፊት ስድስት ኪሎ ጎራ ቢሉ መልካም ነው። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መዘክር የሚገኘው ንጉሠ ነገሥቱ ለዩኒቨርሲቲው በሰጡት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ተቋሙን በ1955 ዓ.ም. ከመሠረቱት አንዱና የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው። እውነተኛውን በርጩማና መሶብ አስቀድሞ ያየ ዓይን በገበያ ላይ በቀላሉ አይታለልም።

የመጣው ሣጥን

ከሦስት ሳምንት በኋላ አባባ ደወሉ። ወደ ኮተቤ በኩል አንድ ቤት እየተለቀቀ ነው፤ ሣጥን ወጥቷል። ስንደርስ ግቢው ውስጥ በፀሐይ ተከፍቶ ተቀምጦ ነበር። ወንዛ ነው። ማዕዘኖቹ በብረት ተይዘዋል። የእኛ አይደለም፤ የእኛ ከፊት ለፊቱ የተቃጠለ ምልክት ነበረው፣ ይህ የለውም። ባለቤቴ ተንበርክካ ክዳኑን ዘጋችው፣ ከፈተችው። አላቃሰተም።

«የማን ነበር?» አለች።

«ባለቤትየዋ አርፋለች። ልጆቿ ውጭ አገር ናቸው፤ ቤቱን እንዲያስለቅቅ ለደላላ ሰጥተውታል» አሉ አባባ።

«ልጆቿ ሣጥን እንዳለ ያውቃሉ?»

አባባ እኔን አዩኝ። እኔ መሬቱን አየሁ።

«አባባ፣ ይደውሉና ይጠይቁልኝ። እሺ ካሉ እንገዛለን» አለች። ደላላው ተነጫነጨ፤ ሌላ ገዢ አለኝ አለ፤ ዋጋ ጨምሬያለሁ አለ። እርሷ ግን ቦርሳዋን አንሥታ ወደ በሩ ሄደች። እኔም ተከተልኳት። እውነቱን ለመናገር በልቤ ሣጥኑ አመለጠን ብዬ ነበር።

መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ። ልጆቹ ይሸጥ አሉ፤ ግን ከውስጥ ያለውን አንድ ፎቶግራፍ እንድንልክላቸው ጠየቁ። ማንም አላየውም ነበር፤ ከሥር በተነጠፈው ጋዜጣና በእንጨቱ መካከል ነበር የተገኘው። ባለቤቴ ራሷ በፖስታ አሽጋ ላከችው።

ሣጥኑን 9,000 ብር ገዛነው። ለጫኝና አውራጅ የከፈልነውን አልጽፍም፤ በኮንዶሚኒየም የሚኖር አንባቢ ይገምተዋል። የምመክረው ግን አለ፦ ከመግዛታችሁ በፊት የደረጃውን መታጠፊያ ለኩ። እኛ የለካነው በሩን ብቻ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ መታጠፊያ ላይ ሣጥኑ ወደላይም ወደታችም አልሄድ ብሎ ቆመ። የታች ጎረቤታችን ካቻቢቴ ይዞ ወጣ፤ የክዳኑን ማጠፊያ ፈትተን ለየብቻ አስገባነው። መልሰን ስንገጥመው ጠምዘዝ አደረግነው መሰለኝ፣ ክዳኑ ሲከፈት ማቃሰት ጀመረ። ላቃናው ካቻቢቴውን ሳነሣ ባለቤቴ እጄን ያዘች።

አሁን በመስኮቱ ሥር ነው ያለው። ለሁለት ቀን በፀሐይ አስጥተን፣ ነቀዝ የቆፈረውን ቀዳዳ በነጭ ጋዝ አጥበነዋል፤ ቫርኒሽ አልቀባነውም። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ቡና እየጠጣን ሳለ ከታች፣ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ መጣ። ባለቤቴ ስኒዋን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። ተነሥቼ መስኮቱን ዘጋሁት።